የማን ድንበር? ስለ አንድ ቃልና ስለ «ተመሳሳዮቹ»

በምናስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሠልጣኞቻችን ባዘጋጀነው የአማርኛ ፈተና ውስጥ እንዲህ የሚል ጥያቄ ነበረበት። «ድንበር ለሚለው ቃል ተመሳሳይ ፍች ያለውን ምረጥ፤ ሀ/ ጠረፍ፣ ለ/ ወሰን፣ ሐ/ ኬላ፣ መ/ ዳርቻ።» በመልስ ቁልፉ ላይ ያሰፈርነው «ለ»ን ነበር። ከሠልጣኞቹ አብዛኞቹ «ለ»ን፣ ጥቂቶቹ ደግሞ «ሀ»ን መረጡ። ከሞያሌ አካባቢ የመጣ አንድ ሠልጣኝ ግን ከአራቱ አንዱንም ሳያከብብ ከጥያቄው ግርጌ «የማን ድንበር?» ብሎ ጽፎ አለፈ። እኛም ዜሮ ሰጠነው። በኅዳጉም ላይ «ጥያቄ በጥያቄ አይመለስም» ብለን በቀይ ቀለም ጻፍንበት።

ወረቀቱ በተመለሰ ማግስት ልጁ ቢሮአችን ድረስ መጣ። አልተቆጣም፤ ማርክም አልለመነም። «መምህር፣ የማንን ድንበር እንደጠየቁን ስላልገባኝ ነው» አለ። «የአባቴ የበቆሎ ማሳ ከጎረቤት ማሳ የሚለይበት ከሆነ ወሰን ብል ያስኬዳል። ሾፌር ለሆነው አጎቴ ከሆነ ድንበር ማለት ኬላ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለሚያስብ ሰው ከሆነ ጠረፍ ነው። ለእናቴ ግን ከአራቱ አንዱም አይሆንም፤ እኅቷ ያለችው ማዶ ነው፤ ማዶ ብቻ ነው የምትለው።» እኛም «መልሱ ግን ለ ነው» ብለን አሰናበትነው። ያን ዕለት የሰጠነው መልስ ዛሬ ሲታወሰን ያሳፍረናል። ፈተናውን የወደቀው እርሱ ሳይሆን ጥያቄው እንደነበረ ለመረዳት ጊዜ ወስዶብናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ «ድንበር» የሚለውን ቃልና ተመሳሳዮቹ ናቸው እየተባሉ በየክፍሉ የሚደረደሩትን ቃላት በዕለታዊ አገልግሎታቸው መመርመር፣ በዚያውም የተመሳሳይ ቃላት አስተማመራችንን መተቸት ነው። ትችቱ ከሁሉ በፊት የሚያርፈው በራሳችን ላይ ነው።

መዝገበ ቃላቱና የእኩል ምልክቱ

አማርኛ በመዝገበ ቃላት ረገድ ድኻ የሚባል ቋንቋ አይደለም። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በ1948 ዓ.ም.፣ የከሣቴ ብርሃን ተሰማ «የአማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1951 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 ዓ.ም. ታትመዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ያዘጋጀው «አማርኛ መዝገበ ቃላት»ም በ1993 ዓ.ም. ወጥቷል። እነዚህ ሥራዎች የብዙ ዓመት ድካም ፍሬ ናቸውና ስናነሣቸው በአክብሮት ነው።

ይሁን እንጂ መዝገበ ቃላት ከባሕርዩ የተነሣ ብዙ ጊዜ ቃልን በቃል ይፈታል። አንዱን ቃል ለማስረዳት ሌላውን ይጠራል፤ ያን ስንፈልግ ሦስተኛውን እናገኛለን፤ በሦስተኛው ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ሊጠብቀን ይችላል። ይህ ለሊቅ ችግር አይደለም፤ ሊቁ የቃሉን ዘር፣ የሚገባበትንና የማይገባበትን ቀድሞ ያውቃልና። ችግሩ የሚመጣው እኛ መምህራን ከመዝገበ ቃላቱ ላይ ሁለት ቃላት ቀድተን በመካከላቸው የእኩል ምልክት ስናደርግ ነው። «ድንበር = ወሰን» ብለን በሰሌዳ ላይ እንጽፋለን፤ ተማሪው በደብተሩ ይገለብጣል፤ በፈተናም ይመልሳል። ሒሳብ ነው እንጂ ቋንቋ አይደለም።

አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ሌናርድ ብሉምፊልድ እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሁለት ቃላት በድምፅ ከተለያዩ በፍችም ይለያያሉ ብለን መነሣት እንደሚገባና በእውነቱም ፍጹም ተመሳሳይ ቃላት እንደሌሉ አስረድቷል። አባባሉ ጥብቅ ነው የሚሉ አሉ። ለመምህር ግን ጥሩ መነሻ ነው። «እነዚህ ቃላት አንድ ናቸው» ከማለት ይልቅ «እነዚህ ቃላት የሚለያዩት የት ላይ ነው?» ብለን እንድንጠይቅ ያስገድደናልና።

ሁለት ቀን በኬንያው ሞያሌ

ከዚያ ፈተና በኋላ በነበረው ዓመት በማስተማር ልምምድ ላይ የነበሩ ሠልጣኞችን ለመጎብኘት ወደ ሞያሌ የመሄድ አጋጣሚ አገኘን። ሥራችንን እንደጨረስን ወደ ኬንያው ሞያሌ ተሻግረን ሁለት ቀን ቆየን። እንደሚታወቀው ሞያሌ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተሞች ናት። አንደኛዋ በኢትዮጵያ፣ ሁለተኛዋ በኬንያ የማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከናይሮቢም ያላት ርቀት ከዚህ ብዙ አይለይም። ቦረና፣ ገብራ፣ ገሪ፣ ቡርጂና ሌሎችም ሕዝቦች በሁለቱም ወገን ይኖራሉ። በኬንያው በኩል ልጆች በትምህርት ቤት ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ይማራሉ፤ በቤትና በገበያ ኦሮምኛ በሰፊው ይነገራል፤ በሱቁና በምግብ ቤቱ ደግሞ አማርኛ ይሰማል።

ሻይና እንጀራ የምትሸጥ፣ ከልጅነቷ ጀምራ በዚያ የኖረች አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ቤት ሁለቱንም ቀን ተመገብን። ንግግሯን በጥሞና አዳመጥን። «ሽንኩርቱን ከማዶ ነው የማመጣው»፣ «ልጄ ማዶ ታስተምራለች»፣ «ዛሬ ማዶ ገበያ ነው» ትላለች። «ድንበር» የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ ስላልሰማን በመጨረሻው «እትዬ፣ ድንበሩ ከዚህ ምን ያህል ይርቃል?» ብለን ጠየቅናት። ሳቀች። «ኬላውን ነው የምትለኝ? ድንበርማ መሬት ለሚካፈል ነው የኔ ልጅ። እኛ የምንካፈለው ገበያ ነው። የማዶዎቹ ለኔ ድንበርተኞች አይደሉም፣ ደንበኞቼ ናቸው» አለች።

በዚያው ጠረጴዛ ላይ የነበረ የጭነት መኪና ሾፌር ደግሞ ነገሩን በሌላ መንገድ አየው። በኢትዮጵያ ተሽከርካሪ የሚሄደው በመንገዱ ቀኝ፣ በኬንያ ግን በግራ ነው። «ለኔ ድንበር ማለት ቀኜ ግራ የሚሆንበት ቦታ ነው» አለን። አንድ መስመር ለአንዷ ማዶ፣ ለሌላው መሪ ማዞሪያ ሆነ። የልጁ ጥያቄ እንደገና ጆሮአችን ላይ ጮኸ፤ የማን ድንበር?

ቃላቱ አንድ በአንድ

ሀ/ ድንበር። ይህ ቃል የመሬት ቃል ነው። ገበሬው በሁለት ማሳ መካከል ሳይታረስ የሚተወውን ሣር ወይም የተተከለውን ድንጋይ ድንበር ይለዋል። ከድንበር ጋር የሚሄዱት ግሦች ይህን ያሳያሉ። ድንበር ይገፋል፣ ይፈርሳል፣ ይጣሳል፣ ይከበራል፣ ይሻገሩታል። የሚገፋውም ሆነ የሚያስከብረው ሰው ነውና ድንበር ሁልጊዜ ሁለት ባለቤት ይሻል። «ድንበርተኛ» የሚለው ቃል ከዚህ የመጣ ነው፤ ጎረቤትም፣ ባላጋራም ሊሆን ይችላል። ከሀገር አንጻር ሲነገር «ዳር ድንበር» ተብሎ ከዳር ጋር ይጣመራል፤ ያን ጊዜ ክብርና መሥዋዕትነት የሚያሳስብ ከባድ ቃል ይሆናል። አንዳንድ ተማሪዎች «ድንበር የተባለው ከብት ስለሚደነብርበት ነው» ሲሉ ሰምተናል። ጨዋታው ያምራል፤ ነገር ግን የድምፅ መመሳሰል ብቻውን የዘር ማስረጃ ስለማይሆን መምህር እንዲህ ያለውን ነገር ጨዋታ ብሎ መቀበል እንጂ ትምህርት ብሎ ማስተላለፍ አይገባውም።

ለ/ ወሰን። ይህ ቃል ዘሩ ግልጽ ነው። ወሰነ፣ ተወሰነ፣ ውሳኔ፣ ውስን፣ አዋሳኝ የሚሉት ሁሉ ቤተሰቦቹ ናቸው። ስለዚህ ወሰን ከመሬቱ በፊት ውሳኔ አለበት፤ አንድ ሰው ወይም አንድ ጉባኤ «እስከዚህ ይሁን» ብሏል ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ወሰን ከመሬት ተነሥቶ ወደ ሐሳብ መሄድ ይችላል። «ትዕግሥት ወሰን አለው» እንላለን፤ «የሥልጣን ወሰን» እንላለን፤ «ወሰን የሌለው ፍቅር» እንላለን። «ትዕግሥት ድንበር አለው» ብንል ግር ይላል፤ «ትዕግሥት ጠረፍ አለው» ብንልማ ተማሪዎቹ ይስቁብናል። ሳቃቸውም ትክክለኛ የቋንቋ ዕውቀት ነው።

የሞያሌው መስመር ራሱ በመጀመሪያ ወሰን ነበር፤ ድንበር የሆነው በኋላ ነው። ኢትዮጵያና ብሪታንያ በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1907) አዲስ አበባ ላይ በተፈራረሙት ውል መስመሩ በቃላት ተወሰነ። በመሬት ላይ የመለየቱ ሥራ ደግሞ ከዚያ በኋላ መጣ። ኬንያ ነጻ ከወጣች በኋላም ሁለቱ መንግሥታት በ1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1970) ስለዚሁ መስመር አዲስ ውል ተዋውለዋል። ርዝመቱ ከ860 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከሁሉ የሚደንቀው ግን የ1900ው ውል መስመሩን ሲወስን፣ በሁለቱም ወገን ያሉ ጎሣዎች እንደ ቀድሞው ወዲያና ወዲህ እየተሻገሩ ከብቶቻቸውን እንዲያሰማሩና በጕድጓዶቹም ውኃ በነጻ እንዲጠቀሙ መፍቀዱ ነው። ወሰኑ በወረቀት ተሠመረ፤ ከብቱ ግን ውኃውን እንዳይከለከል ተባለ። ወሰንና ድንበር አንድ ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ ያለ አንቀጽ ትርጉም ባልኖረው ነበር።

ሐ/ ጠረፍ። ይህ ቃል ከሌሎቹ በአንድ ነገር ይለያል፤ ይኸውም ተናጋሪው የቆመበትን ቦታ አሳባቂ ነው። ጠረፍ ማለት ከመካከል ሆኖ ሲታይ የመጨረሻው ጫፍ ነው። በዓረብኛም በድምፅም በፍችም የሚመስለው ቃል አለ፤ እርሱም ዳር ማለት ነው። የባሕር ጠረፍ፣ ጠረፍ ጠባቂ፣ የጠረፍ ከተማ እንላለን። ድንበር ሁለት ባለቤት ሲሻ ጠረፍ የሚሻው አንድ መካከል ብቻ ነው። እኛ መምህራን ይህን ቃል አሳምረን እናውቀዋለን። «ጠረፍ ተመደበ» ሲባል የሚሰማን ዜና የሹመት አይደለም፤ ቀጥሎ የሚጠየቀውም ስለ በረሃ አበሉ ነው።

ይህ አመለካከት የአማርኛ ብቻ አይደለም። በቅኝ ግዛት ዘመን እንግሊዞች ሞያሌን የሚያጠቃልለውን የኬንያን ሰሜናዊ ክፍል «የሰሜን ጠረፍ አውራጃ» የሚል ፍች ባለው ስም ይጠሩት ነበር። እንግዲህ ሞያሌ ከአዲስ አበባ ሲያዩአት የደቡብ ጠረፍ፣ ከናይሮቢ ሲያዩአት የሰሜን ጠረፍ ሆነች። ከብቱን ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን ለሚነዳው ቦረና ግን ያ ቦታ ጫፍ አይደለም፤ የአገሩ መካከል ነው። በዚያ አካባቢ ለተወለደ ተማሪ «ጠረፍ የድንበር ተመሳሳይ ነው» ብለን ስናስተምር ሳናውቀው «አንተ የምትኖረው ጫፍ ላይ ነው» እያልነው ነው።

መ/ ኬላ። ኬላ መስመር አይደለም፤ ሰው የሚቆምበት፣ ዕቃ የሚፈተሽበት፣ ቀረጥ የሚከፈልበት ቦታ ነው። ኬላ በሀገር ውስጥ በየከተማው መውጫ ይገኛል፤ ድንበር በሌለበት ኬላ አለ ማለት ነው። በተቃራኒው ድንበር በመቶዎች ኪሎ ሜትር ሲዘረጋ በላዩ ላይ ያሉት ኬላዎች ጥቂት ናቸው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትርና የኬንያ ፕሬዚዳንት በሞያሌ መርቀው የከፈቱት የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የጣቢያው አሠራር የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች ጎን ለጎን ሆነው መንገደኛውን በአንድ ቦታ እንዲያስተናግዱት ነው። በዚህም ሁለት ኬላ አንድ ሆነ፤ ድንበሩ ግን አንዲት ስንዝር አልተነቃነቀም። ሁለቱ ቃላት ተመሳሳይ ላለመሆናቸው ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ሠ/ ክልል። ከለለ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ከለለ ማለት ዙሪያውን አጠረ፣ ጋረደም ማለት ነው። ስለዚህ ክልል መስመሩን ሳይሆን በመስመሩ የታጠረውን ስፍራ ይናገራል፤ የአየር ክልል ስንል እንደምናስበው ማለት ነው። ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ ደግሞ የአስተዳደር ስም ሆኗል። ከዚሁ ግሥ «ከለላ» የሚለው ቃል ይወጣል። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች ተገድለው በሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ወደ ኬንያ ሲሸሹ፣ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ያን መስመር ተሻገሩ። ያን ዕለት ከለላ የተገኘው ከመስመሩ ማዶ ነበር። ይህን ለተማሪ ስናስረዳ ክልልና ከለላ ከአንድ ግሥ መውጣታቸው የሰዋስው ነገር ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ረ/ ገደብ፣ ዳርቻና ጽንፍ። ገደብ ከገደበ የወጣ ሲሆን የሚፈስሰውን ማቆም አለበት፤ ግድብም ወንድሙ ነው። ስለዚህ ገደብ ለሚሮጥና ለሚጨምር ነገር ይስማማል፤ የፍጥነት ገደብ፣ የጊዜ ገደብ። «የፍጥነት ድንበር» የሚል የለም። ዳርቻ የሚታይ ጠርዝ ነው፤ የወንዝ ዳርቻ፣ የሐይቅ ዳርቻ፣ የደን ዳርቻ። ዳርቻን ማንም አይወስነውም፣ ማንም አያስከብረውም፤ ውኃው ወይም ዛፉ ሲያልቅ ራሱ ይመጣል። ጽንፍ ደግሞ ከግእዝ የመጣ ሲሆን የመጨረሻው ጫፍ ነው፤ «አጽናፈ ዓለም» በሚለው አነጋገር ብዙ ቁጥሩን እናገኘዋለን። ዛሬ ግን በብዛት የሚሰማው «ጽንፈኛ» በሚለው መልኩ ለሰው አቋም ሆኖ ነው።

ከጎረቤት ቋንቋዎችም የምንማረው አለ። ኦሮምኛ ለድንበር «ዳንጋ» ይላል። ስዋሂሊ ደግሞ «ምፓካ» ይላል፤ ይኸው «ምፓካ» የሚለው ቃል በስዋሂሊ «እስከ» ማለትም ነው። የኬንያው ሞያሌ ተማሪ «ከዚህ እስከ ገበያ» ብሎ መንገድ ሲያመለክትና የሁለት አገር ድንበር ሲያመለክት የሚጠቀመው በአንድ ቃል ነው። የአማርኛው ድንበር ያቆማል፤ የስዋሂሊው ምፓካ ደግሞ ያደርሳል። አንዱ ቋንቋ ከሌላው ይበልጣል ማለታችን አይደለም። በሌላ ቋንቋ መስተዋት የራስን ቃል ማየት የቃሉን መልክ ያሳያል ለማለት ነው።

«ድንበር አይደለም፣ ወሰን ነው»

ወደ ዋናው ትችታችን እንምጣ። ባለፉት ዓመታት በመገናኛ ብዙኃንና በስብሰባዎች ላይ አንድ እርማት ደጋግሞ ይሰማል። «ድንበር ያለው በሁለት አገሮች መካከል ነው፤ በክልሎች መካከል ያለው ወሰን እንጂ ድንበር አይደለም» የሚል ነው። በ2011 ዓ.ም. የተቋቋመው ኮሚሽንም «የአስተዳደር ወሰንና የማንነት ጉዳዮች ኮሚሽን» ተብሎ ተሰይሟል። አንዳንድ መምህራንም ይህን እንደ ሰዋስው ደንብ አድርገው በክፍል ውስጥ ሲያስተምሩት ሰምተናል።

ከእርማቱ በስተጀርባ ያለው ምኞት መልካም ነው። ድንበር የሚለው ቃል ባላጋራን ስለሚያስከትል በአንድ አገር ልጆች መካከል ባይገባ ይሻላል የሚል ነውና። ነገር ግን ምኞት ሌላ፣ የቋንቋው ልማድ ሌላ ነው። በጎጃምም በወሎም ገበሬው ጎረቤቱን የሚከሰው «ድንበሬን ገፋ» ብሎ ነው፤ በሁለቱ ማሳዎች መካከል ግን አገር አልቆመም። በአንጻሩ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 «የኢትዮጵያ የግዛት ወሰን» የሚል ርእስ ይዟል፤ ይህም ከሌሎች አገሮች የሚለየንን መስመር የሚመለከት ነው። እንግዲህ ሕዝቡ ለትንሹ ማሳ ድንበር ሲል፣ ሕጉ ለትልቁ አገር ወሰን ብሏል። «ድንበር ለአገር፣ ወሰን ለክልል» የሚለው ደንብ በሁለቱም አቅጣጫ ይፈርሳል።

በእኛ አስተያየት ልዩነቱ በመስመሩ ትልቅነትና ትንሽነት ላይ አይደለም። ወሰን የተነጋገሩበትና የወሰኑት ነው፤ ድንበር ደግሞ የሚኖሩበት፣ የሚጠብቁትና የሚጋፉበት ነው። አንድን መስመር ወሰን ብሎ መጥራት በቂ አይሆንም፤ ወሰን የሚያደርገው በሁለቱም ወገን ያሉ ሰዎች የተስማሙበት ውሳኔ ነው። ውሳኔ በሌለበት ስሙን ብቻ ብንለውጥ መጋፋቱ ይቀጥላል፤ ሰውም ድንበር ማለቱን አይተውም። የሞያሌ ነዋሪ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከተማዪቱ የሁለት አገር መስመር ብቻ ሳይሆን የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች የወሰን ጥያቄም ሲያናውጣት ኖሯልና። ሰው ቤቱን ትቶ ሲሸሽ፣ የሸሸበት ነገር ወሰን ነው ወይስ ድንበር ነው ብሎ አይጠይቅም።

ስለዚህ ለተማሪ ሁለቱን ነገር ለይተን እንንገረው። ሕዝቡ ቃሉን እንዴት ይጠቀምበታል? ይህ የቋንቋ ጥያቄ ነው። ቃሉን እንዴት ብንጠቀምበት ይሻላል? ይህ የሥነ ምግባርና የፖለቲካ ጥያቄ ነው። ሁለተኛውን በመጀመሪያው ልብስ ሸፍኖ ማስተማር ተማሪውን ማሳሳት ነው።

በክፍል ውስጥ ምን እናድርግ?

«ይህ ሁሉ ዝርዝር ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይከብዳል፤ ፈተናውም አንድ መልስ ይሻል» የሚሉ ባልደረቦች እንዳሉ እናውቃለን። ስጋታቸው መሠረት አለው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ተማሪ ለሚያስተምርና ብዙ ወረቀት ለሚያርም መምህር ምርጫ ያለው ጥያቄ ይቀልለዋል። ሆኖም ተማሪው እነዚህን ልዩነቶች አዲስ አይማራቸውም፤ ያውቃቸዋል። «ትዕግሥት ጠረፍ አለው» ስንለው የሚስቀው ስለሚያውቅ ነው። የእኛ ሥራ የሚያውቀውን እንዲገልጸው መርዳት ነው። ለዚህም በክፍላችን ሞክረን የጠቀሙን ሦስት ቀላል መንገዶች አሉ።

አንደኛው የግሥ ፈተና ነው። «ገፋ፣ ተሻገረ፣ ደረሰ፣ አበጀ፣ ፈተሸ» የሚሉትን ግሦች በሰሌዳ ላይ ጽፎ ከእያንዳንዱ ጋር የሚሄደው ስም የትኛው እንደሆነ ተማሪዎቹ እንዲመርጡ ማድረግ ነው። ድንበር ይገፋል፤ ኬላ ላይ ይፈተሻል፤ ገደብ ይበጃል። ሁለተኛው የመተካት ፈተና ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ወስዶ ቃሉን በ«ተመሳሳዩ» መተካት፣ ከዚያም ምን እንደተለወጠ፣ ምን እንደተበላሸ መጠየቅ ነው። ሦስተኛው ከዚያ ሠልጣኝ የተማርነው ነው፤ «የማን?» ብሎ መጠየቅ። ይህን ቃል የሚናገረው ማን ነው? ከወዴት ቆሞ ነው? ለማን ነው የሚናገረው? እነዚህ ጥያቄዎች ለድንበር ብቻ ሳይሆን ለ«ድኻ»፣ ለ«እንግዳ»፣ ለ«ባላገር»ና ለመሳሰሉት ቃላት ሁሉ ይሠራሉ።

መንገዶቹ አዲስ ፍልስፍና አይደሉም፤ ጠመኔና ሰሌዳ ብቻ ይበቃቸዋል። ጥቅማቸው ግን ከአማርኛ ክፍለ ጊዜ ያልፋል። ቃል ሲሰማ «የማን?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ፣ ዜና ሲሰማም አዋጅ ሲነበብለትም ይጠይቃል። ሁለት ቃላትን በእኩል ምልክት አያይዞ የሚሸመድድ ተማሪ ደግሞ ሁለት ሰዎችን ወይም ሁለት ሕዝቦችን በአንድ ስም ጠቅልሎ ለመጥራት አይቸገርም።

የዚያን ሠልጣኝ ውጤት ማስተካከል አልቻልንም፤ ማርኩ ለሬጅስትራር ተላልፎ ነበር። ጥያቄውን ግን ከፈተናችን አወጣነው። በምትኩ ያስገባነው እንዲህ ይላል፤ «አንዲት ሻይ ሻጭ፣ አንድ ሾፌርና አንድ የአዲስ አበባ ጋዜጠኛ ስለ አንድ መስመር ይናገራሉ። ሦስቱ ምን ምን ብለው ይጠሩታል? ለምን?» ማረሙ ጊዜ ይወስዳል። መልሶቹን ስናነብ ግን የምንማረው እኛ ነን።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቻችን፣ በመተማም በጋምቤላም በቶጎ ውጫሌም የምታስተምሩ ትኖራላችሁ። በያላችሁበት ሰው ያን መስመር ምን ብሎ ይጠራዋል? ተማሪዎቻችሁን ጠይቃችሁ ብትጽፉልን፣ መዝገበ ቃላቶቻችን ያልደረሱባቸውን ፍችዎች በጋራ መሰብሰብ እንችላለን። ለመጀመሪያ እኛ ከኬንያው ሞያሌ ይዘን የተመለስነውን «ማዶ» የሚል አንድ ቃል አስመዝግበናል።